ለዲዩ ልጆች፣ በተሸነፉበት ዓመት የቀረበ ምስጋና

(ከፋሲካ በኋላ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ በተደረገው የማኅበረሰባችን ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ብዙ ሰው ጽሑፉን ስለጠየቀኝ እንዳለ አውጥቼዋለሁ።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? ክርስቲያን ወገኖቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። ሙስሊም ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዒዱ ካለፈ ሰንበት ቢልም ዛሬ ስላገኘኋችሁ ዒድ ሙባረክ።

አዘጋጆቹ "ስለ ልጆችና ስለ ስፖርት አንድ ነገር በልልን" አሉኝ። ብዙዎቻችሁ ስለ እግር ኳስ የማወራ ሳይመስላችሁ አይቀርም። ዛሬ ስለ ሆኪ ነው የማወራው። ስለ በረዶ ሆኪ። ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ ስለሚጫወት ስለ ዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ቡድን። እኛ ደጋፊዎቹ "ዲዩ" እያልን ስለምንጠራው።

ለምን አሁን? ቡድኑ እኮ ዘንድሮ ዋንጫ አላመጣም። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 10፣ 2025 ሴንት ሉዊስ ላይ በአገር አቀፉ የኮሌጅ ሆኪ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ተሸንፎ ነው የተመለሰው። ለዚህ ነው አሁን የማመሰግነው። ዋንጫ ያመጣን ቡድን ማን የማያመሰግን አለ? ባለፈው ዓመት ሲያሸንፉ ከተማው ሁሉ ማልያቸውን ለብሶ ነበር። ዘንድሮ ጸጥ አለ። እኔ ደግሞ ምስጋናዬን ሳልናገር ወቅቱ ማለፍ የለበትም ብዬ ነው የመጣሁት።

ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ ስለ ጨዋታው፣ ሁለተኛ ስለ አሰልጣኙ፣ ሦስተኛ ስለ ዘንድሮዎቹ ልጆች። ሁለተኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ታገሱኝ።

አንደኛው። እዚህ ያላችሁ አባቶች፣ የገና ጨዋታ የተጫወተ አለ? እጃችሁን እስኪ አውጡ። አያችሁ? ግማሹ አዳራሽ ተጫውቷል! እንግዲህ ሆኪን ታውቁታላችሁ ማለት ነው። ቆልማማ ዱላ አለ፣ ሁለት ወገን አለ፣ ሩሯን ወደዚያ ማዶ ማድረስ አለ። እዚህ ሜዳው በረዶ ነው፤ ሩሯም ጠፍጣፋ የጎማ ቁራጭ ናት፣ ፓክ ይሏታል። ክብደቷ 170 ግራም ገደማ ነው። እንዳትነጥር ብለው ከጨዋታ በፊት ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጧታል። ድንጋይ ትሆናለች። ያቺን ድንጋይ በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሲለጓት፣ በረኛው ፊት ለፊት ቆሞ ይጠብቃታል።

በአንድ ጊዜ ከእያንዳንዱ ወገን አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ ይገባሉ። ሃያ ሃያ ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይጫወታሉ። አንድ ተጫዋች አንዴ ሲገባ አንድ ደቂቃ እንኳ አይቆይም። ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ይወጣል፣ ሌላው አጥሩን ዘሎ ይገባል። ጨዋታው ሳይቆም ነው ይሄ ሁሉ። ጥፋት ያጠፋ ሰው ሁለት ደቂቃ ለብቻው ተቀምጦ ይቀጣል፤ ጓደኞቹ አንድ ሰው ጎድለው ይጫወታሉ። መጋጨት አለ፣ መውደቅ አለ። ግን ያ አገር ቤት የምንለው፣ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ"፣ እዚህም ይሠራል። ትልቁ ውድድር ላይ ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ። አሁን ሲጋጩ የነበሩት ልጆች!

ዩኒቨርሲቲው ከ1961 ጀምሮ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የለውም። ስለዚህ ሌላ ቦታ በፉትቦል የሚያብደው ተማሪ እዚህ የሚያብደው በሆኪ ነው። የሚጫወቱበት አዳራሽ፣ ማግነስ አሬና፣ ወደ ስድስት ሺህ ሰው ይይዛል። ትልቅ ከሚባሉት አዳራሾች አንዱ አይደለም። ግን ከኮሎራዶ ኮሌጅ ጋር ሲገናኙ ሂዱና ስሙት። ሁለቱ ቡድኖች የሚፎካከሩበት ሽልማት ወርቅ ማጠቢያ መጥበሻ ነው፤ ኮሎራዶ የወርቅ ቆፋሪ አገር ስለነበረች። የመጥበሻው ጨዋታ ቀን ከጎናችሁ ያለውን ሰው ድምፅ አትሰሙም።

ስለ ዋንጫም ልንገራችሁ። 1958፣ 1960፣ 1961፣ 1968፣ 1969። አምስቱም በአንድ አሰልጣኝ፣ በመሬይ አርምስትሮንግ ዘመን የመጡ ናቸው። ከዚያ 35 ዓመት ምንም የለም። ከዚያ 2004፣ 2005፣ 2017፣ 2022፣ 2024። አሥር። እስከ 2025 ድረስ በወንዶች የኮሌጅ ሆኪ ከዲዩ የበለጠ ዋንጫ ያለው አልነበረም፤ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ዘጠኝ ነበረው። ከተማችን ውስጥ፣ እኛ ታክሲ የምንነዳበት፣ ሱቅ የከፈትንበት፣ ልጅ የምናሳድግበት ከተማ ውስጥ ያለ ቡድን ነው ይሄ። ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

እኔን የወሰደኝ ልጄ ነው። ስለ እሱ ካላወራሁ ደግሞ ሁለተኛው ነጥብ አይገባችሁም።

ልጄ እግር ኳስ ተጫዋች ነበር። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ እዚህ ሜዳ ላይ ሲሮጥ አይታችሁታል። እዚህ ከተማ ባለ አንድ የወጣቶች ክለብ ውስጥ ይጫወት ነበር። ስሙን አልጠራም። ክረምት ከበጋ አመላልሰነዋል። እናቱ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ሜዳ ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ጉልበቱ ላይ ተጎዳ። ጅማቱ ተበጠሰ፤ ኦፕራሲዮን ሆነ። ከዚያ ቀን በኋላ ከክለቡ አንድ ሰው አልደወለም። አሰልጣኙ አልደወለም። ስሙ ያለበት የቡድኑ የዋትሳፕ ግሩፕ አለ አይደል? ከዚያም አወጡት። ልጁ አልጋ ላይ ሆኖ ስልኩን እያየ ነው ያወቀው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። "አባዬ፣ አውጥተውኛል" አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

እናንተ ወላጆች፣ ያን ጊዜ ምን ትላላችሁ? እኔ የምለው አጣሁ።

በኋላ እግዚአብሔር ይመስገን ዲዩ ገባ። ለመማር ነው የገባው። አንድ አርብ ማታ ደውሎ "አባዬ ዛሬ ከሥራ ቶሎ ውጣ፣ የምወስድህ ቦታ አለ" አለኝ። የኤርፖርት ሻትሌን አስረክቤ ሄድኩ። መስታወቱ ጥግ ተቀመጥን። የበረዶው ቅዝቃዜ ፊቴ ላይ ይነፍሳል። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የእኛ አንዱ ተከላካይ ተንሸራቶ ወድቆ የተመታችውን ፓክ በእግሩ አስቀራት። ልክ ፊት ለፊቴ። ድምፁን ሰማሁት። ተነሣ። በአንድ እግሩ እየተንሸራተተ ወደ ወንበሩ ሄደ። ያኔ የተቀመጡት ጓደኞቹ በሙሉ ዱላቸውን አንሥተው አጥሩን ይደበድቡለት ጀመር። ጎል አላገባም እኮ! ያስቀረው ኳስ ነው። ግን ሁሉም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ደበደቡለት።

ልጄ ወደ እኔ ዞሮ "አሁን ደግሞ ስለ አሰልጣኙ ልንገርህ" አለኝ።

ይሄው ሁለተኛው ነጥብ።

አሰልጣኙ ዴቪድ ካርል ይባላል። ያደገው አንከሬጅ፣ አላስካ ነው። ታላቅ ወንድሙ ማት ካርል ዲዩ ውስጥ የ2004ን እና የ2005ን ዋንጫ የበላ፣ በ2006 ደግሞ የኮሌጅ ሆኪ ኮከብ የሚሸለመውን የሆቢ ቤከር ሽልማት የወሰደ ተከላካይ ነው። ዴቪድም በወንድሙ መንገድ ሊሄድ ነበር። ዲዩ ስኮላርሺፕ ሰጥቶታል። ኤንኤችኤል የሚባለው ትልቁ የሰሜን አሜሪካ የሆኪ ሊግ ደግሞ ይፈልገዋል። 2008 ነው፣ ዕድሜው 18።

የኤንኤችኤል ክለቦች በየዓመቱ ወጣት ተጫዋቾችን ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ከመምረጣቸው በፊት የጤና ምርመራ አለ። እዚያ ላይ ልቡ ላይ ነገር ተገኘ። የልብ ጡንቻ ከመጠን በላይ የመወፈር በሽታ ነው። ይህ በሽታ ያለበት ሰው ሩጫ ላይ እያለ ድንገት ሊሞት ይችላል። ስንት ወጣት ስፖርተኛ ሜዳ ላይ ወድቆ ቀርቷል! ሐኪሞቹ "በቃህ" አሉት። አንድ ጨዋታ ለዲዩ ሳይጫወት አበቃ። መጫወት እንደማይችል ክለቦቹ እንዲያውቁ ተደረገ። እንዲያም ሆኖ ታምፓ ቤይ የሚባለው ክለብ በሰባተኛው ዙር፣ 203ኛ አድርጎ መረጠው። አንድ ቀን እንደማይጫወትላቸው እያወቁ፣ ለክብሩ።

አሁን ወደ ዲዩ እንምጣ። እስኪ አስቡት። ለመጫወት ብለህ ስኮላርሺፕ የሰጠኸው ልጅ መጫወት አይችልም። ምን ታደርጋለህ? "ይቅርታ፣ ሁኔታው ተቀይሯል" ማለት ትችላለህ። ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል። የያኔው አሰልጣኝ ጆርጅ ግዎዝዴኪ ግን ስኮላርሺፑ እንዳለ ይሁን አለ። ያ ብቻ አይደለም። "ና፣ ከእኛ ጋር ሁን" አለው። የተማሪ ረዳት አሰልጣኝ አደረገው። ጓደኞቹ በረዶ ላይ ሲጫወቱ እሱ ከአሰልጣኞቹ ጋር ቆሞ ሙያውን ተማረ።

የማይጫወተውን ልጅ አልጣሉትም። ይህን ልድገመው። የማይጫወተውን ልጅ አልጣሉትም!

ካርል ተመረቀ፤ ግሪን ቤይ ሄዶ ረዳት ሆኖ ሠራ፤ በ2014 ወደ ዲዩ ተመለሰ። በ2018 ዋናው አሰልጣኝ ሲለቅ ቡድኑን ለእሱ ሰጡት። 28 ዓመቱ ነው። አንዳንዱ "ልጅ ነው" ብሎ ነበር። በ2022 ዋንጫ። በ2024 ዋንጫ። ከዚህም ሌላ የአሜሪካን ከ20 ዓመት በታች ቡድን ይዞ ጎተንበርግ ላይ፣ በዓመቱ ኦታዋ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የዓለም ሻምፒዮን አደረገ። አሜሪካ ይህን ሁለት ዓመት አከታትላ አሸንፋ አታውቅም ነበር።

ልጄ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለምን እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ። እኔም ምንም አልጠየቅኩትም። ከዚያ ማታ ጀምሮ የዲዩ ሰው ነኝ።

ሦስተኛ፣ የዘንድሮዎቹ ልጆች።

በረኛው ማት ዴቪስ ነው፤ ካናዳዊ፣ የካልጋሪ ልጅ። ሲመጣ ሌላ በረኛ ነበር። ሁለት ዓመት ሁለተኛ ሆኖ ተቀመጠ። በ2022 ዋንጫውን ሲበሉ እሱ ተቀማጭ ነው። አሁን ያለው የኮሌጅ ልጅ ሁለት ዓመት ይጠብቃል? ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ቀላል በሆነበት ዘመን! እሱ ጠበቀ። ተራው ሲደርስ ምን አደረገ? በ2024 ውድድር አራት ጨዋታ ተጫወተ፣ በአራቱ የገባበት ሦስት ጎል ብቻ ነው። ሁለት ለአንድ፣ ሁለት ለአንድ፣ ሁለት ለአንድ፣ ፍጻሜው ላይ ቦስተን ኮሌጅን ሁለት ለዜሮ። የፍጻሜው የመጨረሻ ሃያ ደቂቃ ላይ ብቻ 23 ምት አስቀርቷል። በአጠቃላይ 35። ቦስተን ኮሌጅ የዓመቱ ምርጥ የተባለ ቡድን ነበር። ግድግዳ ገጠማቸው።

ዚቭ ቡዩምን ደግሞ ተመልከቱልኝ። ይህን ለእናንተ ለወላጆች ነው የምነግረው። አባትና እናቱ ከእስራኤል መጥተው ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ የኖሩ ስደተኞች ናቸው። የሳንዲያጎን አየር የምታውቁ ታውቃላችሁ። እዚያ ሆኪ የሚያጫውት ምን በረዶ አለ? ግን ልጆቻቸውን ሆኪ አስጫወቱ። ሻይ የሚባለው ወንድሙ ዲዩ ገብቶ ሁለት ዋንጫ በላ። ዚቭ ተከተለው፣ የ2024ን አብረው በሉ። ስደተኛ ወላጅ የማያውቀውን ስፖርት ለልጁ ብሎ ሲማር፣ ጠዋት ሲያመላልስ፣ ስኬቲንግ ጫማ ሲያስር አይታየንም? እኔ ይታየኛል። የማውቀው ሰው ይመስለኛል።

ጃክ ዴቫይንም አለ። ኤንኤችኤል መርጦት እያለ አራት ዓመቱን ጨርሶ ነው የወጣው።

ወደ መጨረሻዋ ሳምንት ልመለስ። ማርች መጨረሻ ላይ ኒው ሃምፕሻየር ሄደው ፕሮቪደንስን አምስት ለአንድ አሸነፉ። በሁለተኛው ቀን፣ ማርች 30፣ እንደገና ቦስተን ኮሌጅ፣ ሦስት ለአንድ። ያ ቀን ዒድ ነበር፤ ጎረቤቴ ቤት ተጋብዤ ሄጄ በዒድ ብስኩትና ሻይ ነው ያየሁት። አባወራው ሆኪ አይቶ አያውቅም፣ በሁለተኛው ጎል ላይ ከሶፋው ተነሥቶ ነበር።

ኤፕሪል 10 ሐሙስ ነው፣ ሁዳዴ። ጨዋታው የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ። ጾም የምናበቃበት ሰዓት። ባለቤቴ ሽሮና ጎመን አቅርባለች። ልጄ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ መጥቷል። ተጋጣሚው ዌስተርን ሚሺጋን ነው፣ ከካላማዙ። ከሦስት ሳምንት በፊት በሊጋችን ፍጻሜ በሁለተኛ ተጨማሪ ሰዓት ያሸነፈን ቡድን። አንድ ገባብን። ሁለት ገባብን። ሁለት ለዜሮ። እንጀራው ሳይነካ ደረቀ።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አንድ አገባን። ሦስት ደቂቃ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ሲቀር ኤይደን ቶምፕሰን አስተካከለ። ሁለት ለሁለት! ቤቱ ተናወጠ። እታች ያለችው ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብላ መጣች፣ ወንበር ሰጥተናት እሷም ተቀመጠች።

በውድድሩ ተጨማሪ ሰዓት ላይ መጀመሪያ ያገባ ያሸንፋል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ማንም አላገባም። ዴቪስ እየተዘረጋ፣ እየተንበረከከ ያወጣል። ሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት ተጀመረ። በ26ኛው ሰከንድ ላይ ኦወን ማይክልስ አገባብን። 26 ሰከንድ። አለቀ።

ከሁለት ቀን በኋላ ዌስተርን ሚሺጋን በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ በላ። ይገባቸዋል። ሁለት ጊዜ አሸንፈውናል፤ ሁለቱንም ጊዜ ግን እስከ ሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት ድረስ አድክመናቸው ነው።

ቴሌቪዥኑ ላይ የእኛ ልጆች በረዶው ላይ ተንበርክከው ነበር። ከዚያ ተነሡ። ዴቪስን አንድ በአንድ እየመጡ አቀፉት። አንዱም ሳያቅፈው አልወጣም። ዱላ ወርውሮ የወጣ አላየሁም። ልጄ እያለቀሰ ነበር፤ ግን ጉልበቱ እንደተጎዳበት እንደዚያን ጊዜ አልነበረም። ይሄኛው ሰው የወደደውን ሲሸኝ የሚያለቅሰው ነው።

ወዲያው መበታተን ጀመሩ። ኮሌጅ እንደዚህ ነው፤ ልጆቹ ይሄዳሉ። ዴቪስና ዴቫይን ጨርሰዋል። ቡዩም በቀናት ውስጥ ከሚኒሶታ ዋይልድ ጋር ፈረመ። የመጀመሪያ የኤንኤችኤል ጨዋታውን መቼ እንደተጫወተ ታውቃላችሁ? በፋሲካ ዕለት! ኤፕሪል 20፣ ላስ ቬጋስ ላይ፣ እኛ ዶሮ ወጥ ላይ እያለን።

እንግዲህ ለእነዚህ ልጆች እንዲህ እላለሁ። ዴቪስ፣ ሁለት ዓመት ቁጭ ብለህ ስለጠበቅክ አመሰግናለሁ። ዴቫይን፣ እስከ መጨረሻው ስለቆየህ አመሰግናለሁ። ቡዩም፣ ለእኛ ቤት ልጆች በር ስላሳየህ አመሰግናለሁ። ስሙ ያልተነሣው፣ በእግሩ ፓክ ሲያስቀር የከረመው ሁሉ፣ አመሰግናለሁ። ካርል፣ አንተን ያልጣለህን ቤት አንተም ስላልጣልከው አመሰግናለሁ።

ለእናንተ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ ለሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር የሚዘጋጁ ቡድኖች አሉን። የሕፃናት ቡድንም አለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። አሰልጣኞቹ እዚህ ተቀምጣችኋል፣ አያችኋለሁ። አንድ ልጅ ሲጎዳባችሁ በዚያው ማታ ደውሉለት። ልምምድ ሲኖር "ና" በሉት። ውጤት ይመዝግብ፣ ኳስ ያቀብል፣ ትንንሾቹን ያሠልጥን። ማልያውን አትቀበሉት። ግሩፑ ውስጥ ስሙ ይቆይ። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም። ልጄ በዚህ ክረምት ከትንንሾቹ ጋር ለመሥራት ፈቃደኛ ነው፤ ትናንት ማታ ጠይቄው እሺ ብሎኛል።

አዲሱ የሆኪ ወቅት በኦክቶበር ይጀምራል። በቡድን ሆነን ትኬት ብንገዛ ደስ ይለኛል፤ ሕፃናትን ይዘን፣ በአንድ ረድፍ። መውጫው በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አስቀምጫለሁ። ስማችሁንና ስንት ሰው እንደምትሆኑ ጻፉ። መኪና የሌላችሁን በሻትሌ እወስዳችኋለሁ። ወፍራም ጃኬት ያዙ፤ አዳራሹ ውስጥም ይበርዳል።